እሳት ዳፍኖ ማደር
(ስለ ኮምፒዩተር መጫኛ ፍላሽ በሬዲዮ የተደረገ ንግግር)



ክብሪት እንደ ዛሬው በየሱቁ ሳይሞላ፥ የቤት እመቤት ከመተኛቷ በፊት የማትዘነጋው አንድ ሥራ ነበራት። ከምድጃው የተረፈውን ፍም ሰብስባ በዐመድ ትዳፍነዋለች። ሲነጋ ዐመዱን ገለጥ፥ ጭራሮውን ጣል አድርጋ እፍ ስትለው እሳቱ ይነሣል። ሳትዳፍን ያደረች እንደ ሆነ ግን ልጇን ገል አስይዛ «ሂድ፥ ከጎረቤት እሳት ጭረህ አምጣ» ብላ ለመላክ ትገደዳለች። ጎረቤት እሳት አይከለክልም። ነገር ግን ጎረቤቱም ሳይዳፍን ያደረ ቀን፥ ወይም ዝናቡ ከመንገድ ያስቀረ ቀን፥ የዚያ ቤት ልጆች ጦማቸውን ያረፍዳሉ።

ዛሬ ማታ የምነግራችሁ ስለ ምድጃ አይደለም፤ በየመሥሪያ ቤታችን ጠረጴዛ ላይ ስለ ተቀመጠው ስለ ኮምፒዩተር ነው። ሆኖም ቁም ነገሩ አንድ ስለ ሆነ በምድጃው ጀመርሁ።

ኮምፒዩተር የሁለት ነገር ድምር ነው። አንደኛው በእጅ የሚዳሰሰው ብረቱና ሽቦው ሲሆን፥ ሁለተኛው በውስጡ ተጽፎ ብረቱን የሚያዝዘው ሥርዓት ነው። ይህ ሥርዓት በባዕድ ቃል ኦፐሬቲንግ ሲስተም ይባላል፤ በአማርኛም ሥርዓተ ክወና የሚል ስም ወጥቶለታል። በየቢሯችን የተለመደው ዊንዶውስ የተባለው ነው። ሥርዓቱ በዲስክ ላይ ተጽፎ የሚኖር ስለ ሆነ፥ መብራት በድንገት ሲጠፋ፥ ቫይረስ ሲገባ፥ ወይም ዲስኩ ሲያረጅ ሊበላሽ ይችላል። ያን ጊዜ ብረቱ ጤነኛ ሆኖ ሳለ ማሽኑ አልነሣም ብሎ ይቀራል። መድኃኒቱም ሥርዓቱን እንደ ገና መጫን ነው፤ ሰዉ ሁሉ «ፎርማት ማስደረግ» የሚለው ይህንኑ ነው።

ለዚህ ሥራ የሚያስፈልገው መሣሪያ ከአውራ ጣት የማይበልጥ አንድ ፍላሽ ነው። ነገር ግን እንዲያው ፋይል የተገለበጠበት ፍላሽ አይበቃም። ማሽኑ ገና ሲከፈት በራሱ ዲስክ ፈንታ በእርሱ እንዲነሣ ሆኖ የተሰናዳ መሆን አለበት። ባለሙያዎቹ ቡት የሚያደርግ ፍላሽ ይሉታል፤ እኔ ለዛሬው መጫኛ ፍላሽ እለዋለሁ።

አድማጮቼ ሆይ፥ እኔ ትምህርቴ ሁለተኛ ደረጃን ከመጨረስ ያላለፈ፥ የኮምፒዩተርም ሊቅ ያልሆንሁ ሰው ነኝ። የምናገረው በደረሰብኝ ነገር ስለ ተማርሁበት ነው።

ወደ ሬዲዮ ሥራ ከመምጣቴ በፊት በከምባታ ከሚገኙት ከተሞች በአንደኛው፥ ስሙን በማልጠቅሰው መሥሪያ ቤት፥ በጸሐፊነት ተቀጥሬ እሠራ ነበር። ዘመኑ 2009 ዓ.ም.፥ ወሩ ሰኔ ነው። ሰኔ ምን ማለት እንደ ሆነ የመንግሥት ሠራተኛ የሆነ ሁሉ ያውቀዋል። የበጀቱ ዓመት በሰኔ 30 ይዘጋል፤ ሒሳቡ ይሰበሰባል፤ የደመወዙም ዝርዝር ሳይዘገይ መቅረብ አለበት። የመሥሪያ ቤታችን የደመወዝ ዝርዝር በሙሉ የሚገኘው በአንድ ኮምፒዩተር ላይ ነበር። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ነጎድጓድ ሆነና መብራት ጠፋ። መብራቱ ሲመለስ ኮምፒዩተሩ አልተመለሰም። በጥቁሩ መስተዋት ላይ አንዲት ነጭ የእንግሊዝኛ መስመር ብቻ አወጣ፤ የምነሣበት ሥርዓት አጣሁ ማለቱ ነበር።

በከተማው ውስጥ መጫኛ ፍላሽ ያለው ሰው ተፈለገ። አንዱ «ነበረኝ፥ ግን ለሰው አውሼዋለሁ» አለ። ሌላው «ዘፈን ጭኜበታለሁ» አለ። እንዲህ ሲፈለግ ሦስት ቀን አለፈ። በአራተኛው ቀን የክፍሉ ሹም ጠሩኝና «አንተ ልጅ፥ ማሽኑን ይዘህ ሆሳዕና ሂድ፤ ሳታሠራው እንዳትመለስ» አሉኝ። እኔም ዝናብ እንዳይነካው በላስቲክ ጠቅልዬ፥ በላዩ ጋቢ ደርቤ፥ በሚኒባስ ውስጥ እንደ ሕፃን ታቅፌው ሄድሁ።

ሆሳዕና ደርሼ ወደ አንድ የጥገና ሱቅ ገባሁ። ባለ ሱቁ ወጣት ማሽኑን አገላብጦ ካየ በኋላ «ወንድሜ፥ በውስጡ የምትፈልገው ፋይል አለ?» ሲል ጠየቀኝ። እኔም ግልባጭ መያዛችን ትዝ ብሎኝ «የለም፥ ሁሉም ተይዟል፤ ብቻ ቶሎ አድርግልኝ» አልሁት። እርሱም ከኪሱ ፍላሽ አውጥቶ ሰካና፥ በአንድ ሰዓት ተኩል ውስጥ ማሽኑን እንደ አዲስ አድርጎ አስረከበኝ። ደስ ብሎኝ ተመለስሁ። ቢሮ ገብቼ ግልባጩን ስከፍተው ግን የመጋቢት ወር ሆኖ አገኘሁት። የሚያዝያ፥ የግንቦትና የሰኔ ሥራ፥ የአዲስ ተቀጣሪዎችና የጡረታ ወጪዎች ለውጥ፥ የብድሩ ተቀናሽ ሁሉ፥ «የለም» ባልሁት በአንዲት ቃል ጠፍቶ ቀርቷል።

የመዝገብ ቤቱ ሠራተኛ፥ በዕድሜ የገፉ፥ ሁላችንም እትዬ እያልን የምንጠራቸው ሴት፥ የወረቀቱን ማኅደር ከሣጥን አወጡና «ና ልጄ፥ ተቀመጥ፤ ወረቀት መብራት አይጠብቅም» አሉኝ። እርሳቸው እያነበቡ እኔ እየጻፍሁ ዘጠኝ ማታ ሠራን። ሥራው አለቀ፤ የሠራተኛው ደመወዝ ግን ዘገየ። በእነዚያ ቀኖች አንድ የመሥሪያ ቤታችን ዘበኛ፥ አራት ልጆች የሚያስተምሩ አባት፥ በየጧቱ በሩ ላይ ቆመው «ልጄ፥ ማሽኑ ዳነ ወይ?» ብለው ይጠይቁኝ ነበር። አንድም ቀን አልተቆጡኝም። ምናልባት ስላልተቆጡኝ ይሆናል፥ ነገሩ እስከ ዛሬ ከልቤ ያልወጣው።

ይህ በትንሽ ከተማ፥ በትንሽ ቢሮ የደረሰ ጉዳይ ነው ብላችሁ እንዳትንቁት። በዚያው ወር፥ ሰኔ 20 ቀን 2009 ዓ.ም.፥ ኖትፔትያ የተባለ አጥፊ ፕሮግራም ከዩክሬን ተነሥቶ ብዙ አገር አዳረሰ። ከተጎዱትም መካከል ሜርስክ የተባለው ትልቁ የዴንማርክ የመርከብ ኩባንያ ይገኝበታል። የኩባንያው ሊቀ መንበር ኋላ እንደ ተናገሩት፥ 4,000 ሰርቨሮችንና 45,000 ኮምፒዩተሮችን በዐሥር ቀን ውስጥ እንደ ገና መጫን ግድ ሆኖባቸዋል። ከሁሉም የሚያስደንቀው ግን ይህ ነው። የኩባንያውን መረብ የሚመሩት ማሽኖች በየአገሩ መዝገባቸው ሲደመሰስ፥ አንዱ ብቻ ጋና ውስጥ ተርፎ ተገኘ። የተረፈውም በሰው ጥበብ አልነበረም፤ በዚያ ሰዓት በስፍራው መብራት ጠፍቶ ስለ ነበረ፥ ከመረቡ ተለይቶ በመቆየቱ ነው። እኛን የጎዳን መብራት መጥፋት እነርሱን አዳናቸው ማለት ነው። የዓለሙ ምድጃ ሁሉ ሲጠፋ፥ በአንድ አፍሪቃዊ ቤት ሳይታሰብ የተዳፈነ አንድ ፍም ተገኘ። ይሁን እንጂ ዕድል በየጊዜው አይገኝምና፥ ፍሙን ዐውቆ መዳፈን ይሻላል።

ሁለተኛውም ምሳሌ የቅርብ ጊዜ ነው። ሐምሌ 12 ቀን 2016 ዓ.ም. ክራውድስትራይክ የተባለ የኮምፒዩተር ጥበቃ ኩባንያ በላከው አንድ የተሳሳተ ማሻሻያ ምክንያት፥ ማይክሮሶፍት እንደ ገመተው፥ 8.5 ሚሊዮን ያህል የዊንዶውስ ማሽኖች ከሥራ ወጡ። በብዙ አገር አውሮፕላኖች ሳይነሡ ቀሩ፤ ሆስፒታሎችና ባንኮችም ታወኩ። ከአውዳሚው ማሻሻያ ለመላቀቅ ብዙዎቹ ማሽኖች አንድ በአንድ በሰው እጅ መነካት ነበረባቸው። ማይክሮሶፍትም ለዚሁ ሲል ያወጣው የጥገና መሣሪያ በፍላሽ ላይ ተሰናድቶ ማሽኑን ከውጭ የሚያስነሣ ነበር። ባለጠጋው ዓለም እንኳ በጭንቅ ቀን የተመለሰው ወደዚችው ወደ ትንሿ ፍላሽ መሆኑን ልብ በሉ።

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ። ሆሳዕና ከአዲስ አበባ 230 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ የሐዲያ ዞን ዋና ከተማ ስትሆን፥ በ2015 ዓ.ም. ማለቂያ የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ሲቋቋም የክልሉ መቀመጫ ሆናለች። ዋቸሞ ዩኒቨርሲቲ በዚያ ይገኛል፤ በከምባታም ዋና ከተማ በዱራሜ ካምፓስ አለው። ስለዚህ በሐዲያና በከምባታ የዕውቀት እጦት አለ ለማለት አይቻልም። ነገር ግን አንድ ባለሙያ በአንድ ቀን በሾኔም፥ በአንጋጫም፥ በዶዮገናም፥ በሺንሽቾም፥ በሀዴሮም ሊገኝ አይችልም። ባለሙያው መጥቶም ቢሆን ፍላሹን ባይዝ እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል። ፍላሹ በስፍራው ያለ እንደ ሆነ ግን፥ በስልክ እየተነገረው ሥራውን የሚፈጽም አንድ ልባም ሠራተኛ በየቢሮው አይጠፋም።

የዚያ አገር ገበሬ ደግሞ ይህን ምሥጢር ከማንም ይልቅ ያውቀዋል። የእንሰት ተክል ማብዛት በፈለገ ጊዜ ሥሩን፥ ማለት አሚቾውን ቆፍሮ ያወጣል፤ የመካከሉን እምቡጥ ነቅሎ መልሶ ይቀብረዋል። ከዚያ ከአንዱ አሚቾ ዙሪያ ብዙ ችግኝ ይፈላል። ቆጮውንም በእንሰት ቅጠል ሸፍኖ በጉድጓድ ውስጥ ለክፉ ቀን ያኖረዋል። ዛሬ ስለ ጠገበ ጉድጓዱን ባዶ አያደርግም። መጫኛ ፍላሽም የኮምፒዩተሩ አሚቾ ነው፤ በአንዲቱ ፍላሽ የቢሮው ማሽን ሁሉ ተራ በተራ ሊተከል ይችላል።

እንግዲህ ምን ማድረግ ይገባናል? በተራ ላስረዳ።

አንደኛ፥ ፍላሹ መሰናዳት ያለበት ማሽኖቹ በደኅና ሳሉ ነው። ለዊንዶውስ ቢያንስ 8 ጊጋባይት የሚይዝ ፍላሽ ያስፈልጋል። ሲሰናዳ በላዩ ያለው ነገር ሁሉ ስለሚጠፋ ባዶ ይሁን። በደኅናው ኮምፒዩተር ላይ ከማይክሮሶፍት ከራሱ ገጽ የማሰናጃውን ፕሮግራም አውርዶ፥ የሚጠይቀውን እየተከተሉ መሄድ ነው። የሌላ ሥርዓት ሲሆን ደግሞ አይኤስኦ የተባለውን ፋይል አውርዶ ሩፉስ በተባለው ነጻ ፕሮግራም በፍላሹ ላይ መጻፍ ይቻላል። ፋይሉን እንዲያው መገልበጥ ብቻ ፍላሹን መጫኛ አያደርገውም። የሚወርደው ነገር ብዙ ጊጋባይት ስለ ሆነ፥ መረቡ በሚፈጥንበት ስፍራና ሰዓት አንድ ጊዜ ማውረድ ይበቃል። «በተቸገርሁ ቀን አወርዳለሁ» የሚል ሰው ቢኖር፥ በ2012 ዓ.ም. ክረምት ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ለሦስት ሳምንት ያህል ተቋርጦ እንደ ነበር ያስታውስ።

ሁለተኛ፥ ፍላሹ ይሞከር። ማሽኑን ዘግቶ፥ ፍላሹን ሰክቶ፥ ሲከፈት ከየት ልነሣ ብሎ እንዲጠይቅ የሚያደርገውን ቁልፍ መጫን ነው። በብዙዎቹ የዴልና የሌኖቮ ማሽኖች ኤፍ 12፥ በኤችፒ ደግሞ ኤፍ 9 ነው። የመጫኛው የመጀመሪያ ገጽ ከታየ ሙከራው ተፈጽሟልና፥ ምንም ሳይነኩ መዝጋት ይገባል። የትኛው ማሽን በየትኛው ቁልፍ እንደሚነሣ በትንሽ ወረቀት ጽፎ ከፍላሹ ጋር ማሰር በችግር ቀን ብዙ ድካም ያድናል።

ሦስተኛ፥ ፍላሹ ብቻውን አይቀመጥ። ሥርዓቱ ከተጫነ በኋላ ማሽኑ ከመረቡ የሚገናኝበትን፥ ማተሚያውንም የሚያውቅበትን ድራይቨር የተባለውን ረዳት ፕሮግራም ይፈልጋል። የአማርኛ መጻፊያውም መጫን አለበት። በተለይም የቆዩ ደብዳቤዎች ያሉት ቢሮ ሊጠነቀቅ የሚገባው ነገር አለ። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ በተባለው የዓለም ሥርዓት ውስጥ የገባው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1999 ነው። ከዚያ በፊት፥ ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመት፥ ጽሑፎቻችን የተጻፉት እያንዳንዱ ፕሮግራም ለራሱ ባበጀው ፊደል ነበር። ያ ፊደል በአዲሱ ሥርዓት ላይ ካልተጫነ፥ የአሥር ዓመት ደብዳቤ ሲከፈት ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደልና ምልክት ሆኖ ይታያል። እንዲህ ሲያዩ ፋይሉ ተበላሸ ብለው የሚያጠፉ ሰዎች አሉ። ፋይሉ ግን ደኅና ነው፤ የጠፋው ፊደሉ ብቻ ነው። ስለዚህ ድራይቨሩን፥ መጻፊያውንና የቆዩትን ፊደላት በሌላ ፍላሽ አድርጎ ከመጫኛው ጎን ማኖር ይገባል።

አራተኛ፥ ይህም ዋናው ነው፤ ከመጫን በፊት ማዳን ይቅደም። እኔ በሆሳዕናው ሱቅ የሳትሁት እዚህ ላይ ነው። ሥርዓቱ ተበላሸ ማለት ጽሑፋችሁ ሁሉ ጠፋ ማለት አይደለም። ኡቡንቱ የተባለው ነጻ ሥርዓት የተጻፈበት ፍላሽ ማሽኑን በራሱ ማስነሣት ስለሚችል፥ «ልጫን» ሲል ሳይፈቅዱለት «ልሞክር» የሚለውን መርጦ፥ በዲስኩ ያለውን ፋይል ከፍቶ ወደ ሌላ ዲስክ መገልበጥ ይቻላል። ዲስኩ ቢትሎከር በተባለው ቁልፍ የተቆለፈ ከሆነ ግን የመክፈቻው ቁጥር የግድ ያስፈልጋልና፥ ቁጥሩ አስቀድሞ በወረቀት ተጽፎ ከካዝና ይቀመጥ። ፋይሉ ወጥቶ፥ ተከፍቶ፥ ቀኑም ታይቶ ካልተረጋገጠ በቀር «የለም» የሚለው ቃል ከአፋችን አይውጣ።

አምስተኛ፥ ጥበቃው ነው። የቢሮው መጫኛ ፍላሽ ሁለት ይሁን፤ አንዱ ከባለሙያው፥ አንዱ ከካዝናው። በንብረት መዝገብ ይመዝገብ፤ ምልክትም ይለጠፍበት። ዘፈን አይጫንበት፤ ውሰት አይውጣ፤ ቫይረስ በተጠረጠረበት በተከፈተ ማሽን ላይ አይሰካ። ሥርዓቱ በየጊዜው ስለሚታደስ፥ ፍላሹም ሊያረጅ ስለሚችል፥ በዓመት አንድ ጊዜ እንደ ገና ይሰናዳ። ለዚህ ጳጉሜን የተመቸች ናት፤ ሰው ቤቱን ለዘመን መለወጫ ሲጠርግ ይህንንም ይጥረግ።

ስድስተኛ፥ ስለ ሕጋዊነቱ ጥቂት ልበል። በየሱቁ ተሰብሮ የተሸጋገረ ዊንዶውስ መጫን የተለመደ ነው። ነገር ግን የኮምፒዩተር ፕሮግራም በአዋጅ ቁጥር 410/1996 ጥበቃ የተደረገለት የሰው የአእምሮ ሥራ ነው። ከዚህም በላይ ቁልፉን የሰበረ እጅ ሌላ ነገር አኑሮበት ሊሆን ስለሚችል፥ የመንግሥትን ምሥጢር በእንዲህ ያለ ሥርዓት ላይ መጻፍ ደጃፍን ከፍቶ እንደ መተኛት ነው። ማሽኑ ፈቃዱን ይዞ የተገዛና ፈቃዱም በማይክሮሶፍት ዘንድ የተመዘገበለት እንደ ሆነ፥ ያንኑ ዓይነት ሥርዓት ሲጭኑበት ከመረቡ ጋር ተገናኝቶ ፈቃዱን ራሱ መልሶ ያገኛል፤ እንግዲያስ መስረቅ ምን ያስፈልጋል? ደግሞም ዊንዶውስ 10 ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. መደበኛ ጥበቃው እንዳበቃለት ይታወቃል። ዊንዶውስ 11 ቲፒኤም 2.0 የተባለውን የጥበቃ ክፍል ስለሚጠይቅ፥ በየወረዳው ያሉት ብዙ አሮጌ ማሽኖች አይቀበሉትም። እነዚህን ከመጣል ይልቅ፥ እንደ ኡቡንቱና እንደ ሊኑክስ ሚንት ያሉትን ያለ ዋጋ የሚገኙ ሥርዓቶች መሞከር አስተዋይነት ነው።

አንዳንድ ሰው «ይህ የባለሙያ ሥራ ነው፤ እኔ ምን አገባኝ?» ይል ይሆናል። እውነት ነው፥ ዲስክ መክፈልና መጫን የባለሙያ ነው። ፍላሹ በመሳቢያው ውስጥ እንዲገኝ ማድረግ ግን የሹሙም፥ የጸሐፊውም፥ የንብረት ክፍሉም ነው። ሐኪም ያክማል፤ መድኃኒቱ በመደርደሪያው ላይ መኖሩን የሚያረጋግጥ ግን ሌላ ሰው ነው።

ያ ዘበኛ አባት የጠየቁኝ ጥያቄ ዛሬም ይጠየቃል። ማሽን ሲቆም ማሽን አይራብም። የሚጎዳው የደመወዙን ቀን ቆጥሮ የሚኖር ሰው ነው፤ የትምህርት ማስረጃውን ለማውጣት ከገጠር በእግሩ የመጣ ተማሪ ነው፤ የይዞታ ወረቀቱን ሊያሳድስ ከበሩ ላይ ቁጭ ያለ ገበሬ ነው። ለእነርሱ «ሲስተም የለም፥ ነገ ተመለሱ» ማለት ቀላል ነው፤ ነገን በእግር የሚሄዱት ግን እነርሱ ናቸው።

እንግዲህ አድማጮቼ፥ ነገ ጧት ቢሮ ስትገቡ መሳቢያችሁን ከፍታችሁ እዩ። ፍላሹ ካለ ሞክሩት፤ ከሌለ ይሰናዳ ዘንድ እዘዙ። እሳት ዳፍና ያደረች ሴት የጎረቤቷን ደጅ አታንኳኳም፤ እንዲያውም ጎረቤቷ ገል ይዞ ሲመጣ ፍም ታካፍላለች።